አራዳ ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ የመኝታ ክፍላችን ልጅ ሳሙናና ዳቦ ሊገዛ ከግቢ ወጥቶ ተመለሰ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ መልሱን ሲቆጥር 200 ብር ተርፎ አገኘው። ሱቅ ውስጥ የምትሸጠው ልጅ ተሳስታ ነው። አፍታም አልቆየ፤ ያወለቀውን ጫማ መልሶ አጠለቀና ብሩን ወስዶ ሰጥቷት መጣ። ሲገባ በጭብጨባ ተቀበልነው፤ የሙገሳ ጭብጨባ ግን አልነበረም። «ፋራ!» አለ አንዱ። «ኧረ ተዉት፣ ገና ካገር ቤት መምጣቱ እኮ ነው» አለ ሌላው። ከላይኛው አልጋ ደግሞ «አራዳ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ማኪያቶ በጠጣን ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ልጁም አብሮን ሊስቅ ሞከረና አልሆን ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

የዚያን ለት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ልጁ ያጠፋው ጥፋት ምንድን ነው? ከመካከላችን አንዳችንም ብንሆን «ሌባ» ቢሉን የምንቀበል አይደለንም። «አራዳ» ቢሉን ግን ደስ ይለናል። ልጁ 200 ብሩን ኪሱ ከትቶ ቢሆን ኖሮ የሠራው ሥራ ያው የሰው ገንዘብ መውሰድ ነበር፤ ስሙ ግን ሌላ ይሆን ነበር። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ አራዳ የምንለው ሰው ማን ነው? ስሙንስ ለማን ብንሰጠው ይገባል?

ውድ አንባብያን፣ ይህች ቃል ባንድ ቀን ውስጥ ባፋችን ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አንድ ቀን ብቻ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ስሙ። የቤት ሥራውን ቀን ያራዘመልን መምህር «አራዳ ነው»። ልጇ አምሽቶ ሲመጣ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ለአባትየው ትንፍሽ የማትል እናት «አራዳ ናት»። አዲስ ጃኬት ለብሶ የመጣ «ዛሬስ አራዳ ሆነሃል» ይባላል። በቀልድ የነኩት፣ በቀልድ የሚመልስና የማያኮርፍ ልጅ አራዳ ነው። ስሙን የማናውቀውን ልጅ መንገድ ላይ ስንጠራው «አራዳው!» እንለዋለን። ሊያታልለን የመጣውን ደግሞ «አራዳ ልትሆንብኝ ነው?» ብለን እናፈጥበታለን። በታክሲ ሄዶ ሒሳብ ሳይከፍል ሹልክ ብሎ የወረደ «አራዳ ነው»፤ ሳንቲም አጥሯት የምትሸማቀቅ የማያውቃት ሴትዮ አይቶ «የሷንም ከዚህ ውሰድ» ያለ እሱም «አራዳ ነው»።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የራሱን ሒሳብ ያልከፈለውና የሰው ሒሳብ የከፈለው እንዴት ባንድ ስም ተጠሩ? አንዱ የወያላውን ገንዘብ በላ፤ ሌላው ለማያውቀው ሰው ከኪሱ አወጣ። መልካምና ክፉ ብሎ መለየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቃል የተምታታ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ቃልን በከንቱ አያመላልስም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር አይቶ መሆን አለበት።

ያንን ለማግኘት ቃሉ ወደ ተወለደበት ቦታ መሄድ ይጠቅማል። አራዳ በመጀመሪያ የሰው ጠባይ ሳይሆን የቦታ ስም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያ ይቆም የነበረው ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ ይባላል። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ከብቱና በቅሎው ይጎርፍ ነበር። ግብሩን የሚሰበስብ ነጋድራስ፣ ጸጥታውን የሚጠብቅ «የአራዳ ዘበኛ» የሚባል ነበረ። ገንዘቡ ማርትሬዛ ነው፤ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው። ማርትሬዛ የሚቀበል ሰው በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያለው ጌጥ ጥርት ብሎ መታየቱን ሳያረጋግጥ አይቀበልም፤ አሞሌም ተሸርፎ እንደሆነ ይታያል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ ዓይኑ ቢፈጥን፣ ምላሱ ቢሰላ ምን ይገርማል? አባቱን የማታውቀው ሰው፣ አገሩን የማታውቀው ሰው ፊትህ ይቆማል፤ እሱን ማመን አለማመን ያንተ ፋንታ ነው። በቀዬህ ቢሆን የሰውዬውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረህ ትለየዋለህ። አራዳ ላይ ግን በፊቱና በእጁ ብቻ ነው የምትለየው።

ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሰፈሩን ለነጭ ለየና የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ያ ገበያ መርካቶ ሆኖ ቀረ፤ አሮጌውም አራዳ ፒያሳ ተባለ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ሁለቱንም ስም ጥሎልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ «አራዳ» ከገበያው ተላቅቆ ሰው ላይ ቀረ። «የአራዳ ልጅ» ማለት የዚያ ሰፈር ልጅ ማለት የነበረው፣ ጉለሌም ይወለድ ቂርቆስ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ማለት ሆነ። ዛሬ አራዳ የአንድ ክፍለ ከተማ ስምም ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ከፒያሳ ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሷል። ቤቱ ሲፈርስ ቃሉ አልፈረሰም።

ከቃሉ ጋር ቋንቋም ተወለደ። እኛ ልጆቹ የምንናገረውን «የአራዳ ቋንቋ» እንለዋለን፤ ሸወደ፣ ነቄ፣ ሙድ መያዝ፣ ሌላም ሌላም። ይህ ግን የኛ ዘመን ፈጠራ ብቻ አይምሰለን። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችና አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡባቸውን የምስጢር ቋንቋዎች መዝግቦ አቆይቷል። ነጋዴው ገዢው ፊት ቆሞ ገዢው እንዳይገባው ይነጋገራል፤ አዝማሪውም ባለድግሱ ፊት እንደዚሁ። የዚህ ሁሉ ቋንቋ ጉልበቱ ሰውን ሁለት ቦታ መክፈሉ ነው፤ ነገሩ የገባውና ያልገባው። «ነቄ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ «ነቃ» ከሚለው ነው የሚመጣ፤ እኛ ነቅተናል፣ ሌላው ተኝቷል ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን የታክሲ አራዶች የሚያገናኛቸውን ነገር ያገኘነው ይመስለኛል። ሁለቱም ነገር ገብቷቸዋል። አንዱ ወያላው ወደ ኋላ የማያይበትን ቅጽበት አወቀ፤ ሌላው የሴትዮዋን ጭንቀት ሳትናገር አወቀ። ሁለቱም የሰውን ፊት አንብበዋል። አራዳ የሚለው ቃል ንባቡን ብቻ ያመሰግናል፤ ከንባቡ በኋላ ምን ተደረገ የሚለውን አይጠይቅም።

በፍልስፍና መግቢያ ትምህርት ስሙ የሚነሳው አሪስቶትል ይህንኑ ለይቶት ነበር። የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ላይ፣ ያሰቡት ግብ ላይ በዘዴ የመድረስ ችሎታን ለብቻው ያነሳል። ግቡ መልካም ከሆነ ችሎታው ይመሰገናል፤ ግቡ ክፉ ከሆነ ያው ችሎታ ተንኮል ነው ይላል። ጥበብ ያለዚህ ችሎታ አይሆንም፤ ችሎታው ብቻውን ግን ጥበብ አይደለም። የኛም አማርኛ ቢሆን ከዚህ አያንስም፤ «ብልህ»ና «ብልጥ» ብሎ በሁለት ቃል ለይቶ አስቀምጦልናል። ብልህን አባቶች ያከብራሉ። ስለ ብልጥ ሲናገሩ ግን «ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ» ይላሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከመፋጠጥ በቀር ሥራ የላቸውም። የኛ «አራዳ» ብልሁንና ብልጡን መልሶ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ከረጢቱ ውጪ የቀረውን ሰው ደግሞ ስም አወጣንለት፤ ፋራ፣ ባላገር። ባላገር! ይህን ቃል እስቲ ፈታ አድርጋችሁ እዩት፤ ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት እኮ ነው። አገሩን ያቀናው፣ የሚበላውን የሚያበቅለው ሰው ስም የስድብ ስም ሆነ። ከተሜው የቤት ኪራይ እየከፈለ ባለ አገሩን ይንቃል። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝኛ ፊልም ላይ ክፉውን ሰው «ቪለን» ይሉታል፤ ቃሉ ሥሩ ላቲን ሲሆን የገጠር እርሻ ቤት ሰው ማለት ነበር። የጥንት ግሪኮችም ቀልድ አዋቂውን፣ ጨዋታ የሚችለውን ሰው የሚጠሩት ከተማ ከሚለው ቃል በተወለደ ስም ነበር። ስሙን የሚያወጣው ከተማ የሚቀመጠው ነውና ለራሱ ማዳላቱ አልቀረም።

ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት ኮርኪራ በምትባል የግሪክ ደሴት የእርስ በርስ ጦርነት ስለ መነሳቱ ሲጽፍ፣ ከሞቱት ሰዎች ሌላ ስለ ቃላት ያነሳል። ያላሰቡበት ድፍረት ጀግንነት፣ አስተውሎ መቆየት የፈሪ ሰበብ ይባል ጀመር ይላል። ብዙው ሰው ክፉ ሆኖ ጮሌ መባልን ደግ ሆኖ ሞኝ ከመባል ይመርጥ ነበር፤ በሞኝነቱ ያፍራል፣ በጮሌነቱ ይኮራል። በመጨረሻም ቅንነት መሳቂያ ሆኖ ጠፋ ይለናል። ይህን ሳነብ ያ ማታ፣ ያ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። የኛ መኝታ ክፍል ጦርነት የለበትም፤ ግን እኛም ሳቅን። «የዋህ» የሚለውን እንኳ ተመልከቱ። በተራራው ስብከት የተመሰገኑት የዋሆች ናቸው። ዛሬ «የዋህ ነው እባክህ» ሲባል የምንሰማው ሐዘኔታ ነው፤ አንዳንዴም ለመታለል የተዘጋጀ ሰው ተገኘ የሚል ምልክት ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «አንተ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠህ ስለ ቅንነት ትሰብካለህ። የድሃ ልጅ አራዳ ካልሆነ ምን ይበላል? መርካቶ ላይ ተሸክሞ የሚያድር ልጅ የሰው ፊት ማንበብ ካልቻለ ደላላው ይበላዋል፣ አከራዩ ይበላዋል። ብልጠት የደካማው ዱላ ነው።» እውነት ነው። መታለል ጽድቅ አይደለም። እናቶቻችን በጧት ከቤት ሲልኩን «አትሸወድ» የሚሉን ሌባ እንድንሆን አይደለም፤ የቤቱ ገንዘብ የሳምንት ጤፍ ስለሆነ ነው። ወንጌሉም ቢሆን የእባብን ልብና የርግብን የዋህነት ባንድ ላይ ነው የሚጠይቀው፤ እባቡን ተዉት አላለም። ስለዚህ ፋራ ሁኑ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ዱላ የያዘው ደካማ ማንን እየመታ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ታክሲ ሳይከፍል የወረደው ልጅ ባለሀብቱን አልጎዳም፤ የጎዳው እንደሱ ድሃ የሆነውን ወያላ ነው። ካልተማረ ባላገር ላይ የሚወሰድ ብልጠትም ከደካማ በታች ያለውን ሌላ ደካማ መምታት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሠርቼው ነው የማውቀው።

ሰፈሬ ጳውሎስ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጧት ከሆነ ጀምሮ ሆስፒታሉ አካባቢ ካገር ቤት ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ጋቢ የደረበ፣ ውሃ በጀሪካን የያዘ፣ የራጅ ፎቶ በፌስታል አንጠልጥሎ «በየት በኩል ነው?» የሚል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ሥራ ፈትቼ በምውልበት ክረምት፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ታክሲ መውረጃው ላይ ቆመናል። አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ልጃቸውን ደግፈው ወረዱ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«የኔ ልጅ፣ ሆስፒታሉ በየት ነው?» አሉኝ።

ቀና ላለ ሰው በሩ ከቆምንበት ይታያል። እኔ ግን ጓደኞቼን ጠቀስ አድርጌ «ራቅ ይላል አባባ፤ ላድርስዎት» አልኩና ጓዛቸውን ተቀበልኩ። በጓሮ ባለው ቅያስ አዙሬ፣ ዞር ዞር አድርጌ፣ እዚያው በር ላይ አመጣኋቸው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። «50 ብር ነው» አልኳቸው። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤ ሰጡኝ። «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መረቁኝ። ስመለስ ጓደኞቼ «አራዳ!» ብለው ተቀበሉኝ። ሻይና ሳምቡሳ ጋበዝኳቸው። ያን ለት ከኔ በላይ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ሰፈር ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው። ልሸሽ ስል «ልጄ» ብለው ጠሩኝ። ቀረብኩ። የልጅቱን ጤና ጠየቅሁ፤ ተኝታለች አሉኝ። ከዚያ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «በሩንማ ከታክሲ ስወርድ አይቼው ነበር» አሉ።

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ከፈሉኝ፣ አባባ?»

«የሰው አገር ነዋ። ብቻዬን ከምገባ አንድ የሰፈሩን ሰው ይዤ ልግባ ብዬ ነው። ፊደል የሚያነብልኝ፣ እዚህ ጋ ይሰለፉ የሚለኝ። ለዚህ ከሆነ 50 ብር ምን አላት ብዬ። አንተ ግን ከበር መለስክ።»

ምን ልበል? ገንዘቡን ልመልስ ብዬ ኪሴን ብዳብስ የለም፤ በሳምቡሳ አልቋል። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «እስቲ ዛሬ እንኳ ይችን አንብብልኝ» ብለው የመድኃኒት ወረቀት ዘረጉልኝ። አነበብኩላቸው። አብሬአቸውም ሄጄ ተሰልፌ አወጣሁላቸው። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

እንግዲህ ያን ለት ከሁለታችን ነገር የገባው ማን ነበር? እኔ በሩን የማያዩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው በሩንም እኔንም አይተዋል። ውሸቴን እያወቁ ከውሸቱ ጀርባ የሚፈልጉትን ሰው ለማግኘት ከፈሉ። እኔ አነበብኩ ያልኩት የእሳቸውን ጋቢና ጓዝ ብቻ ነው፤ የልጅቱን ድካም አላነበብኩም፣ የአባትየውን ፍርሃት አላነበብኩም። ፊት ማንበብ ከሆነ አራዳነት፣ እኔ ግማሹን ፊደል የዘለልኩ ተማሪ ነበርኩ። አታላይ ሰው የሚያየው ከሰው ላይ የሚወሰደውን ብቻ ነው፤ ሌላው አይታየውም። ስለዚህ ብልጠቱ ራሱ ጎደሎ ነው። በሰው ላይ ክፉ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ባለማየቱም ይወቀሳል።

ወደ መኝታ ክፍላችን ልመለስ። በማግስቱ ጧት ያንን ልጅ ቁርስ ቤት አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደመለሰውም ጠየቅሁት። ስብከት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «እህቴ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ማታ ሒሳብ ሲጎድል ከደመወዟ ነው የሚቆረጥባት። አውቀዋለሁ» አለኝ። አውቀዋለሁ! ፋራ ያልነው ልጅ ከመካከላችን ነገሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እኛ 200 ብሩ ከየት እንደሚመጣ እንጂ ማን ላይ እንደሚጎድል አላወቅንም። ማኪያቶው በማን ደመወዝ እንደሚጠጣ ሳናውቅ ነው ያጨበጨብነው።

ቃሉን እንጣለው አልልም። ጥሩ ቃል ነው፤ የከተማችን ልጅ ነው፤ ከማርትሬዛውና ከአሞሌው ዘመን ጀምሮ አብሮን ኖሯል። ከእናቴ አፍ እንኳ ሰምቼዋለሁ፤ ጎረቤታችን ተቸግራ ሳትናገር እንጀራ ሸፍና የላከችላትን ሴት «አራዳ ሴት» ስትላት። እኔ የምለው ስሙን ስንሰጥ እንጠንቀቅ ነው። ስም የምንሰጠው ነገር ይበዛል። ሌብነትን አራዳነት ባልን ቁጥር አንድ የሰፈር ልጅ ሰምቶ ይማራል፤ ቅን የሆነውንም ፋራ ባልነው ቁጥር እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ነገ ብሩን ላይመልስ ይችላል። ያን ለት ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የኛ ይሆናል።

ቃሉን ከኔ በተለየ መንገድ የሚፈታ፣ ወይም «የድሃ ዱላ ነው» የሚለውን ክርክር ከኔ አጠንክሮ የሚያቀርብ ጓደኛ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔም አነባለሁ። የመኝታ ክፍላችን ልጆችም ይህን ካነበባችሁ፣ ያ ልጅ አልጋው መስኮቱ ጋ ነው። ማኪያቶውን እኛ እንጋብዘው።